ላባ ፍላጻን እንዴት ያቀናል?

ሀና ማርያም ዛሬ የአዲስ አበባ ከተማ አካል ናት። ድሮ ግን እርሻና ግጦሽ ነበረች። የከብት እረኞች ልጆች ደጋን ሠርተው ይጫወቱ ነበር። ደጋን ስንል ጥጥ የሚነደፍበትን የሚመስለውን ጎባጣ እንጨት ማለታችን ነው፤ ከእሱ የሚወነጨፈው ቀጥ ያለ እንጨት ፍላጻ ይባላል።

እኔም ልጅ ሳለሁ ላባ የሌለው ፍላጻ ሰደድኩ። ያነጣጠርኩት ግንድ ላይ ነበር። ፍላጻው ግን መንገድ ላይ ጎኑን ሰጠና ዞሮ በእህቴ ጆሮ ሥር አለፈ። እናቴ ደጋኑን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ልክ ነበረች።

ፍላጻው ለምን ዞረ? አውድማ ላይ እህል ስናዘራ ከባዱ ፍሬ በቅርብ ይወድቃል፤ ቀላሉን ገለባ ንፋስ ይዞት ይሄዳል። ፍላጻም እንዲሁ ነው። ጫፉ እንደ ፍሬው ከባድ ሲሆን ወደ ፊት ይገፋል። ኋላው ላይ ያለውን ላባ ደግሞ አየር ይይዘዋል፤ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ፊቱ ሲገፋ፣ ኋላው ሲጎተት፣ እንጨቱ ይቀናል። ላባ ከሌለው ግን ጭራውን የሚይዘው ነገር የለም።

ርቀቱ አጭር ከሆነ ላባ ብዙም አያስፈልግም። በደቡብ ኦሞ ሐመሮችና ሙርሲዎች የከብት ደም ሲቀዱ የአንገቱን ሥር በትንሽ ደጋን ከቅርብ ይወጋሉ። ፍላጻው ለመዞር ጊዜ የለውም።

ላባው የሚመረጠው ከክንፍ ወይም ከጭራ ነው። የደረት ላባ ለስላሳ ስለሆነ አይሆንም። ሦስቱም ላባ ከአንድ ወገን ክንፍ ይሁን። የቀኝና የግራ ክንፍ ላባ አጎባበሱ ይለያያል፤ ከተደባለቀ አንዱ ፍላጻውን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ያዞረዋል። አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን ፍላጻው እንደ እንዝርት እየሾረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

የላባው አገዳ መሐል ለመሐል በስለት ይሰነጠቅና ይፋቃል። ሦስቱ ላባዎች በእንጨቱ ዙሪያ እኩል ተራርቀው በኮላ ይጣበቃሉ። የግራር ሙጫም ይይዛል፤ ውሃ ሲነካው ግን ይሟሟል። የደጋኑ ጅማት ከሚገባበት ስንጥቅ እስከ ላባው ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይተው፤ ጣት የሚይዘው እዚያ ነው። ቀጥሎ የላባው ፊትና ኋላ በቀጭን ክር ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር።

የፊተኛው እስር ዋናው ነው። ፍላጻው ሲለቀቅ ደጋኑን የያዘውን እጅ ታክኮ ያልፋል። የአገዳው ጫፍ ከተነሣ እንደ እሾህ እጅ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጫፉ እስኪሳሳ ድረስ ይፋቅና በክር ይሸፈን።

ይህ ዘዴ አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በኢጣሊያ ወሰን ከበረዶ ውስጥ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተ ሰው ተገኘ። ኮሮጆው ውስጥ 14 ፍላጻዎች ነበሩ። ሠርቶ የጨረሳቸው 2 ብቻ ናቸው፤ በእነሱም ላይ ላባ በዛፍ ዝፍት ተጣብቆ በቀጭን ክር ታስሯል። ሰውየው ራሱ ትከሻው ላይ በፍላጻ ተወግቶ ነበር።

ዝናብ የመታው ላባ ይተኛል፣ አየር አይዝም። በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ጥቂት ቢያዝ ይነሣል። ኮላው እንዳይለቅ ግን ቶሎ ማንሣት ነው።