የጨጓራ ካንሰርና የሐኪም ግምት

በመርሳ ከተማም ሆነ በሀብሩ ገጠር ሰው ሆዱን ሲያመው «ጨጓራ ነው፤ ይተወዋል» እንላለን። ተልባ እንጠጣለን። እህል አልወርድ ሲል፣ ሰውነት ሲከሳ፣ ዓይነ ምድር ሲጠቁር ነው ወልዲያ ሆስፒታል የምንሄደው። ሕመሙ ካንሰር ከሆነ ግን ያን ጊዜ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭቶ ሊገኝ ይችላል።

የተሰራጨ የጨጓራ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ነቅሎ አይወጣም። ሐኪሞች ኬሞቴራፒ የሚባል መድኃኒት ያዛሉ። መድኃኒቱ በሽታውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። በሽታው እንደገና ሲያድግ ሌላ ዓይነት ኬሞቴራፒ ይሞከራል። ከወልዲያ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ብቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቤተሰብ «በሬውን ሸጠን እንቀጥል ወይ? ስንት ጊዜ ይኖራል?» እያለ ይጨነቃል።

ቀኑን የሚያውቅ ሐኪም የለም። ምልክት አይቶ ግን ይገምታል። ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፦

1. በሽተኛው ራሱ ታጥቦና ለብሶ ደጅ ይወጣል ወይስ ተኝቶ ይውላል?
2. የመጀመሪያው መድኃኒት በሽታውን ስንት ወር ያዘው?
3. በሽታው ስንት ቦታ ደረሰ? ሆዱ ውኃ ቋጥሯል ወይ?
4. በምርመራ ደሙ አንሷል ወይ? በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን ወርዷል ወይ? አልቡሚን ሲወርድ ሰውነት መጎዳቱን ያሳያል።

ምልክቶቹ ደህና ከሆኑ ሁለተኛው መድኃኒት ሊረዳ ይችላል። ብዙዎቹ መጥፎ ከሆኑ መድኃኒቱ ራሱ በሽተኛውን ሊጎዳው ይችላል።

በ2006 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በ168 በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ወጣ። ሁለተኛ ኬሞቴራፒ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ5 ወር በላይ ኖሩ። ማስታገሻ ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ ግማሾቹ ከ3 ወር ተኩል በላይ ኖሩ። ልዩነቱ አንድ ወር ተኩል ያህል ነው። መድኃኒቱን የወሰዱት ሕመሙም ቀለል ብሎላቸዋል። ይህ የብዙ ሰው ልክ ነው እንጂ የአንድ ሰው ዕድሜ አይደለም። አንዱ ያልፈዋል፤ ሌላው አይደርስበትም።

ስለዚህ በሬ ከመሸጣችን በፊት ሐኪሙን «ምን ያህል ይጨምርለታል? ምን ያህልስ ያደክመዋል?» ብለን እንጠይቅ። በሽተኛውም ይጠየቅ፤ ዕድሜው የራሱ ነውና። ኬሞቴራፒው ይቅር ቢባል እንኳ ሕክምናው አለቀ ማለት አይደለም። እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ አለ። ሳይሰቃይ ከቤተሰቡ ጋር እንዲሰነብት መርዳትም ሕክምና ነው።