ልጃችሁ «ቀስት ግዙልኝ» ሲል፦ የመጀመሪያውን ቀስት እንዴት እንምረጥ?



ሚኒሶታ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቀስት ውርወራ ያስተምራሉ። «ናሽናል አርቸሪ ኢን ዘ ስኩልስ ፕሮግራም» የሚባለው ፕሮግራም በ2002 ኬንታኪ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን፣ ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ያቅፋል። ልጅ አንድ ጊዜ ቢጫው መሃል ላይ ከሰካ በኋላ ቤት የሚመጣው ጥያቄ ያው አንድ ነው፦ «ቀስት ግዙልኝ!» ደግሞም ትምህርት ቤት ያለውን ባለ ጎማ ቀስት ሳይሆን ፊልም ላይ ያየውን፣ ከእንጨት የተሠራውን ባህላዊውን ነው የሚፈልገው።

አብዛኞቻችን በዚህ ስፖርት አላደግንም። ስለዚህ ሱቅ ገብተን ሻጩ የሰጠንን እንገዛለን፤ ወይም ኦንላይን ርካሹን እናዛለን። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ልጁ ሊስበው የማይችል ቀስት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀስቱ ጋራዥ ውስጥ ይቀመጣል፤ ልጁ ደግሞ «እኔ አልችልም» ብሎ ይተወዋል። የጠፋው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች እወቁ።

«እንዲያድግበት» እዚህ አይሠራም

ጫማና ካፖርት ስንገዛ አንድ ቁጥር ጨምረን «ያድግበታል» እንላለን። ለቀስት ግን ይህ ልማድ ትልቁ ስህተት ነው። እያንዳንዱ ቀስት ላይ በፓውንድ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ቀስቱ ሲሳብ የሚጠይቀው ጉልበት ማለት ነው። ልጁ ከአቅሙ በላይ የሆነ ቀስት ሲስብ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ዒላማውን ሳያይ ይለቃል። ያ ልማድ አንዴ ከያዘው ለማስለቀቅ ወራት ይፈጃል። ትከሻውንም ሊጎዳው ይችላል።

ቀስቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚለካው ቀስቱ እስከ 28 ኢንች ሲሳብ ነው። ልጆቻችን ግን ያን ያህል አይስቡም። የልጃችሁን የመሳብ ርዝመት ለማወቅ ግድግዳ ላይ ጀርባውን አስደግፉትና እጆቹን ወደ ጎን ይዘርጋ። ከአንዱ እጅ መሃል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ለኩ፤ ያገኛችሁትን ለ2.5 አካፍሉ። ለምሳሌ 150 ሴንቲሜትር ከሆነ 60 ሴንቲሜትር ይመጣል፤ ያም 24 ኢንች ገደማ ነው። ከ28 በታች ለሚቀነስ ለእያንዳንዱ ኢንች ወደ 2 ፓውንድ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ «25» የሚል ቀስት ለዚህ ልጅ 17 ፓውንድ አካባቢ ነው ማለት ነው።

በግምት ለጀማሪ የሚመከረው፣ በራሱ የመሳብ ርዝመት ሲታሰብ፣ እንዲህ ነው፦

- ከ8 እስከ 11 ዓመት፦ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ
- ከ12 እስከ 15 ዓመት፦ ከ15 እስከ 20 ፓውንድ
- ለእናቶች፦ ከ20 እስከ 25 ፓውንድ
- ለአባቶች፦ ከ25 እስከ 30 ፓውንድ

አባቶች፣ የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቡት። «እኔ ጠንካራ ነኝ፣ 45 ስጠኝ» የሚል ብዙ ነው። ቀስት የሚስበው ጡንቻ በየቀኑ የምንጠቀምበት የክንድ ጡንቻ አይደለም፤ የጀርባ ነው። ሻጩ 40 እና 45 ቢያሳያችሁም አትገረሙ፤ ሚኒሶታ የአደን አገር ናት። በሕጉ አጋዘን ለማደን ቢያንስ 30 ፓውንድ ያስፈልጋል፤ የቀስት አደን የሚከፈተውም እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ በሳምንት ገደማ ውስጥ ነው። እናንተ ግን የምትፈልጉት ለወረቀት ዒላማ ነው። ወረቀት ደግሞ በ15 ፓውንድም ይበሳል።

ቀላል ፈተና ይኸውና፦ መለማመጃ ቦታ ላይ፣ ፍላጻው ወደ ዒላማው እያመለከተ፣ ልጁ ቀስቱን እስከ መጨረሻው ስቦ ለ10 ሰከንድ ያህል ይያዝ። ከተንቀጠቀጠ ቀስቱ ከብዶታል፤ ቀለል ያለ ይሰጠው።

የትኛው ዓይነት?

ትምህርት ቤት ያለው «ጄነሲስ» የተባለው ቀስት ጫፍና ጫፉ ላይ ጎማ ያለው ነው፤ ከ10 እስከ 20 ፓውንድ ይስተካከላል፣ ለረጅምም ለአጭርም ልጅ ይሆናል። ጥሩ መማሪያ ነው፤ ባህላዊ ግን አይደለም። ባህላዊ ሲባል ጎማም ማነጣጠሪያም የሌለው፣ በእንጨቱ መታጠፍ ብቻ የሚሠራ ማለት ነው። ለጀማሪ ሦስት ምርጫ ታገኛላችሁ።

አንደኛው «ሪከርቭ» ነው። ጫፎቹ ወደ ፊት የተቆለመሙ ናቸው፤ ስለዚህ አጭር ሆኖም ፍላጻውን በፍጥነት ይወረውራል። እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ በዘመናዊው ኦሎምፒክ ውድድር የሚታየው የዚህ ዘመድ ነው። ሁለተኛው «ሎንግቦው» ነው። ቀጥ ያለና ረጅም፣ ቀላልና ጸጥተኛ፣ ለዓይን የሚያምር። ሦስተኛው በፈረስ ላይ የሚያዘው አጭር ቀስት ነው፤ ፍላጻው የሚያርፍበት መደብ ስለሌለው በእጅ ላይ ነው የሚቀመጠው። ለመጀመሪያ ይከብዳል።

ለአብዛኛው ቤተሰብ የምንመክረው የሚፈታ ሪከርቭ ነው። የእንጨት መያዣው መሃል ላይ ይቀራል፤ ሁለቱ ክንፎች በብሎን ይፈታሉ። ልጁ ሲጠነክር ቀስቱን በሙሉ ሳይሆን ክንፎቹን ብቻ ትቀይራላችሁ። ያ ነው እውነተኛው «ያድግበታል»! «ሳሚክ ሴጅ» የተባለው የታወቀ የጀማሪ ቀስት ለምሳሌ 62 ኢንች ርዝመት አለው፤ ክንፎቹ ከ25 ፓውንድ ጀምረው በ5 በ5 እየጨመሩ ይሄዳሉ። ይህ ለረጃጅም ልጆችና ለወላጆች ይሆናል። ለትንንሾቹ 48 ወይም 54 ኢንች ያለው የልጆች ቀስት ይሻላል። የሚፈታ ጀማሪ ቀስት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዶላር ነው።

ቀኝ ወይስ ግራ? ዓይኑን ጠይቁት

«የቀኝ ቀስት» ማለት በግራ እጅ ተይዞ በቀኝ እጅ የሚሳብ ነው። ግን የሚወስነው እጅ ብቻ አይደለም፤ የሚመራው ዓይንም ነው። ልጁ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ በአውራ ጣቶቹና በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይሥራ። በቀዳዳዋ በሁለት ዓይኑ የግድግዳ ሰዓት ይመልከት፤ ከዚያ አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎም ሌላውን ይጨፍን። ሰዓቱ ሳይጠፋ የታየው በየትኛው ዓይን ነው? የሚመራው እሱ ነው። በዚያው ወገን እጅ መሳብ ይቀላል።

እኛ ስናድግ ግራኝ ልጅ «በቀኝህ!» እየተባለ ተገርቷል። እዚህ ላይ እባካችሁ ተዉት። የግራ ቀስት ዋጋው ያው ነው።

ፍላጻና ቀሪው ዕቃ

ቀስቱን በጥንቃቄ መርጦ ፍላጻውን በዘፈቀደ መግዛት የተለመደ ነው። ፍላጻ ሲለቀቅ ይታጠፋል፤ በጣም የደረቀ ወይም በጣም የላላ ከሆነ ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ከቀስቱ ፓውንድ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት፤ ሱቁ ሰንጠረዥ አለው፣ ጠይቁ። ርዝመቱ ከልጁ የመሳብ ርዝመት ቢያንስ በ1 ወይም 2 ኢንች ይበልጥ። አጭር ፍላጻ ወደ ኋላ ተስቦ እጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህ ቀልድ አይደለም። ባህላዊ ቀስት ላይ ደግሞ ጭራው የላባ ይሁን፤ ፕላስቲኩ መደቡን ሲነካ ይነጥራል። 6 ፍላጻ ለመጀመሪያ ይበቃል።

ከዚያ የክንድ መከላከያ፣ የጣት ቆዳና የጅማት ማስገቢያ ገመድ ያስፈልጋል። ቀስቱን በእግር አጥፎ ጅማት ማስገባት ክንፉን ያጣምመዋል፤ ገመዷ ርካሽ ናት፣ ግዟት።

ያገለገለ ቀስት ካገኛችሁ ክንፎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥጥ ዳብሱ። ጥጡ ከያዘ ስንጥቅ አለ፤ ተዉት። ከዚያ ከኋላ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ጅማቱ በክንፎቹ መሃል ለመሃል ማለፍ አለበት።

መሣሪያ ነው

አያቶች «ምን ነካችሁ? ለልጅ መሣሪያ ትሰጣላችሁ?» ቢሉ እውነታቸውን ነው። የ15 ፓውንድ ቀስትም ሰው ይጎዳል። ስለዚህ የቤቱ ሕግ ከቀስቱ ቀድሞ ይምጣ፦

- ያለ ፍላጻ ስቦ መልቀቅ በጭራሽ የለም። ጉልበቱ ወደ ክንፉ ተመልሶ ቀስቱን ሊሰብረው፣ ልጁንም ሊመታው ይችላል።
- ፍላጻ ቀስት ላይ የሚገባው መስመር ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ዒላማው አዙሮ ብቻ ነው።
- ሁሉም ሳይጨርስ ማንም ፍላጻውን ለመንቀል አይሄድም። ትምህርት ቤት በፊሽካ ነው የሚያስተምሩት፦ 2 ጊዜ ሲነፋ ቀስታችሁን ይዛችሁ መስመር ላይ፣ 1 ጊዜ ሲነፋ ጀምሩ፣ 3 ጊዜ ሲነፋ ሄዳችሁ ንቀሉ፣ 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወዲያው አቁሙ። ልጃችሁን ጠይቁት፣ ያውቀዋል።
- ጓሮ ውስጥ ከማስፈንጠር በፊት የከተማውን ደንብ ጠይቁ።
- በበጋ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀቱ ክንፎቹን ያበላሻል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ልጆቻችን ጥቁር ናቸው። ጎረቤት መስኮት ላይ ሆኖ ሲያይ የሚያየው ተማሪ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቀስቱ ከቤት ሲወጣ በቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ፣ ከትልቅ ሰው ጋር፣ ከመኪና ወደ መለማመጃ ቦታ ብቻ። ወደ ትምህርት ቤት ግቢ በጭራሽ፤ መኪና ኮፈን ውስጥም ቢሆን። ቅዳሜ ወደ እኛ ስትመጡም ቤት ይቅር። ልጁን አናስፈራው፤ ግን ምክንያቱን ይወቀው።

ከመግዛት በፊት ሞክሩ

ኤደን ፕሬሪ ለዚህ ምቹ ናት። ትሪ ሪቨርስ ፓርክ ዲስትሪክት ቀስት ውርወራ ያስተምራል፤ ዕቃውንም እዚያው ይሰጣሉ። ኤደን ፕሬሪ ሴንተር ውስጥ በ2020 የተከፈተው ሺልስ ዘንድ ሄዳችሁም የተለያየ ርዝመት በእጃችሁ መያዝ ትችላላችሁ። ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚለማመዱበት ቦታ ቀድማችሁ ፈልጉ። ሁለት ሦስት ጊዜ በኪራይ ዕቃ ከሞከረ በኋላ ፍላጎቱ ካለ ያኔ ግዙ። ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ ግን የእሑዱን ጠይቁ፤ ቅዳሜ የአማርኛ ነው!

አማርኛው የት ገባ?

ምን መሰላችሁ፣ ቀስት ለአማርኛ ትምህርት የተመቸ ነገር ነው። በንግግር «ቀስት» ስንል መሣሪያውንም የሚወረወረውንም ነው፤ በጽሑፍ የሚወረወረው «ፍላጻ»፣ የሚታጠፈው እንጨት «ደጋን» ይባላል። ደጋንን እናቶቻችን ያውቁታል፤ ጥጥ የሚነደፍበት እሱ ነው። መሲንቆ የሚመታበትም ደጋን ነው፤ ጅማቱ ግን የፈረስ ጭራ። «ነደፈ» የሚለው ግስ ደግሞ በግዕዝ በፍላጻ መውጋትንም ይጨምራል፤ ዛሬ ንብ ትነድፋለች፣ ጥጥ ይነደፋል። ቀስተ ደመና የደመና ቀስት ናት። በኮከብ ቆጠራችን «ቀውስ» የሚባለው ኮከብ ስሙ በዓረብኛ ቀስት ማለት ነው፤ ዜና ላይ ከምንሰማው ቀውስ ጋር አይገናኝም።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ትእዛዝ አንቀጹ ነው። ልጆቻችን ለወንድ፣ ለሴትና ለብዙ ሲያዙ ይደባለቅባቸዋል። ልምምድ ላይ ተራ በተራ እርስ በርስ ይዘዙ፦

- ለእሱ፦ ቁም፣ ያዝ፣ ሳብ፣ አነጣጥር፣ ልቀቅ
- ለእሷ፦ ቁሚ፣ ያዢ፣ ሳቢ፣ አነጣጥሪ፣ ልቀቂ
- ለሁሉም፦ ቁሙ፣ ያዙ፣ ሳቡ፣ አነጣጥሩ፣ ልቀቁ

ለአባባና ለእማማ ሲያዙስ? «ይቁሙ፣ ይያዙ፣ ይሳቡ፣ ያነጣጥሩ፣ ይልቀቁ» ይበሉ። እናንተም እንደታዘዛችሁት ቁሙላቸው።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ (ቀስት ባይኖርም ይሠራል)

1. የቤተሰቡን ሁሉ የእጅ ዝርግ ለኩ፣ ለ2.5 አካፍሉ፣ ቁጥሩን ልጁ በአማርኛ ጮክ ብሎ ያንብብ።
2. የሚመራ ዓይን ፈተናውን ሞክሩ። በቤታችሁ ስንት ቀኝ፣ ስንት ግራ አለ?
3. ለአያት ደውላችሁ «ደጋን ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ የሰማውን በ3 ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቅዳሜ ይዞ ይምጣ።