በከፋ ዳገት የቆዩ መኪኖችን ከመጋል የሚታደገው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ከፋ ከፍታዎች ይወጣል። ይህ ዳገት ዕድሜ ለጠገበ ላንድሮቨር፣ ላንድክሩዘር ወይም ላዳ ፈተና ነው። ውሃው የፈላበት ሞተር ቴስታታው ሊጣመም፣ ጋስኬቱም ሊቃጠል ስለሚችል ባለንብረቱን ለከፍተኛ ወጪ ይዳርጋል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የሚከለክለው ውሳኔ በ2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

በአብዛኞቹ የቀድሞ መኪኖች የራዲያተሩ ማራገቢያ የሚዞረው በቺንጋ አማካይነት በሞተሩ ኃይል ነው። በመሆኑም ፍጥነቱ የሞተሩን ዙር ይከተላል። መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቆም ወይም ጭነት ይዞ በዝግታ ሲጓዝ ከፊት የሚገባው ነፋስ ያንሳል፤ ዙሩ ዝቅ ካለ ማራገቢያውም አብሮ ይደክማል። በሜዳ ላይ በፍጥነት ሲጓዝ ግን ነፋሱ በቂ ሆኖ ሳለ የሞተሩን ኃይል በከንቱ ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሙቀትን እንጂ ዙርን ስለማይከተል ይህን ችግር ያቃልላል። ውሃ በሚሻገሩበት ጊዜም ማጥፊያ ከተበጀለት ለጊዜው ማቆም ይቻላል።

ይሁንና የመጋል ምክንያት ሁልጊዜ ማራገቢያው አይደለም። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊትን አምቆ የመፍያውን መጠን ከፍ ስለሚያደርግ፣ የላላ ክዳን ብቻውን ጉዳት ያስከትላል። ስለዚህ በቅድሚያ ክዳኑን፣ የተደፈነ ራዲያተርን፣ የላላ ቺንጋን፣ የውሃ ፓምፑንና ቴርሞስታቱን መመርመር ይገባል።

ሥራው ሲጀመር የባትሪው ገመድ ይነቀላል። ከአሮጌው ማራገቢያ የሚነሳው ምላጩ ብቻ ነው፤ ቺንጋው የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውን የሚያዞር በመሆኑ በቦታው ይቆያል። አዲሱ ማራገቢያ የራዲያተሩን አብዛኛውን ገጽ የሚሸፍን፣ ከሞተሩ በኩል የተገጠመና አየሩን ወደ ሞተሩ የሚስብ ቢሆን ይመረጣል። በራዲያተሩ ስስ ክንፎች ላይ ከማሰር ይልቅ በራሱ ፍሬም ላይ ማሰሩ ከመቀደድ ያድናል። ኤሌክትሪኩም በፊውዝና በሪሌ አልፎ፣ በሙቀት ማብሪያ ማጥፊያ ሊታዘዝ ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዲናሞው አቅም ነው። 22 አምፔር የሚያመነጭ የቆየ ዲናሞ ለመብራት 10፣ ለሞተሩ ማቀጣጠያ 4፣ ለማራገቢያው ደግሞ 15 አምፔር ቢጠየቅ ድምሩ 29 ይሆናል። ጎደሎው 7 አምፔር ከባትሪው ስለሚወሰድ መኪናው በዝናባማ ሌሊት ከመንገድ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው አስቀድሞ የተሻለ አቅም ያለው ኦልተርኔተር መግጠም ነው። የባትሪያቸው አዎንታዊ ጫፍ ከአካሉ ጋር በተያያዘ አንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ደግሞ ገመዱ በተለመደው መንገድ ከታሰረ ማራገቢያው ወደ ኋላ ሊዞር ስለሚችል አቅጣጫውን መፈተሽ ያሻል።

ከተከላው በኋላ መኪናው ቆሞ ማራገቢያው በራሱ እስኪነሳና እስኪጠፋ መጠበቅ ተገቢ ነው። ሞተሩ ቢጠፋም ማራገቢያው በድንገት ሊነሳ ስለሚችል እጅን ማራቅ፣ የጋለ ራዲያተር ክዳንንም አለመክፈት ከአደጋ ይጠብቃል።