ጆሮው ላይ ያለው ነገር ፕሌይባክ አይደለም

ሰሞኑን የሚዞረውን ቪዲዮ ያላየ የለም። ዘፋኙ ጆሮው ላይ የሰካት ነገር በቀይ ተከብባ «ተጋለጠ! ሙሉው ፕሌይባክ ነው» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሥሩ ስድቡ ነው፣ «ብራችንን መልሱ» ነው፣ «ዘፋኝ ድሮ ቀረ» ነው። ያልላከልኝ ዘመድ ስለሌለ እዚሁ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ቪዲዮው የተቀረጸበት ምሽት የመድረኩን ሞኒተር፣ ማለትም ሙዚቀኞቹ መድረክ ላይ የሚሰሙትን ድምፅ፣ ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። የዘፋኙ ማይክ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ክፍት ነበር፤ በዘፈን መሀል ያሳላት ሳል ሳትቀር እኔ ጋ ገብታለች። ባንዱም ሙሉ በሙሉ ላይቭ ነው። መድረኩ ቀዝቅዞ ነበር ወይ? ቀዝቅዞ ነበር። ማን እንዳቀዘቀዘው ስነግራችሁ ግን ቀዩን ክብ ወደ ሌላ ሰው ታዞሩታላችሁ።

በቅደም ተከተል ልሂድ።

1. ጆሮ ላይ የሚሰካው። ኢን-ኢር ሞኒተር ይባላል። ዘፋኙ እግር ሥር የሚቀመጠው ዘመም ያለ ስፒከር የሚሠራውን ሥራ ጆሮ ውስጥ ሆኖ ይሠራል፤ የራሱን ድምፅ፣ ኪቦርዱንና ድራሙን መልሶ ያሰማዋል። ወደ እናንተ የዞሩት ትልልቅ ስፒከሮች ለእሱ ጀርባቸውን ነው የሰጡት፤ ከኋላቸው የሚደርሰው ጉምጉምታ ብቻ ነው። ራሱን ያልሰማ ዘፋኝ ይጮሃል፣ ሲጮህ ከቅኝቱ ይወጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮው ይዘጋል። ለፕሌይባክማ መሬት ላይ ያለው ስፒከርም ይበቃዋል፤ ጆሮ ላይ መሰካቱ በራሱ የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

አንዱን ጆሮ ነቅለው የሚዘፍኑት ለምን ይመስላችኋል? ጆሮ ሲደፈን ሕዝቡ ይጠፋል። እናንተ አብራችሁ ስትዘፍኑ፣ ስታፏጩ፣ እልል ስትሉ እሱ ጋ ጭር ያለ ነው። ስለዚህ ደህና ሳውንድ ማን መድረኩ ጠርዝ ላይ ወደ ሕዝቡ የዞሩ ማይኮች ይተክልና ጩኸታችሁን ይጨምርለታል። አዘጋጁ «ተጨማሪ ማይክ ለምን?» ብሎ ከሰረዘው ዘፋኙ አንዱን ነቅሎ እናንተን ይሰማል፤ በሌላው ጆሮ ደግሞ «ጨምርልኝ፣ ጨምርልኝ» ይላል። ያቺ ጆሮ ከዓመታት በኋላ ዋጋዋን ትከፍላለች።

2. ላፕቶፕ ታየ ማለት ፕሌይባክ ማለት አይደለም። ሦስቱን ለዩ። ድምፁም ሙዚቃውም የተቀዳ ከሆነ ፕሌይባክ ነው፤ እኔም አልወደውም። ሙዚቃው ተቀድቶ ድምፁ ላይቭ ከሆነ ግማሽ ነው። ባንዱ ሁሉንም እየተጫወተ ጥቂት ጭማሪ ከላፕቶፕ ሲመጣ ደግሞ ድራመሩ ጆሮው ላይ ክሊክ (ምት የሚቆጥር ድምፅ) እየሰማ ከእሱ ጋር ይሄዳል፤ ይኼ በመላው ዓለም የተለመደ አሠራር ነው።

ይኼኛውም ቢሆን በነፃ አይመጣም። ክሊክ ሰው አይጠብቅም። ሕዝቡ በጋለ ሰዓት ዘፋኙ አንድ ዙር ልጨምር ቢል ላፕቶፑ እሺ አይለውም። የላይቭ ባንድ ጣዕሙ እዚህ ጋ ነው። አንድ የምሽት ክለብ ውስጥ ከሚክሰሩ ኋላ ሆኜ ሁልጊዜ የማየውን ልንገራችሁ። ዘፋኟ የፊት ጠረጴዛዎቹ ሲነሱ ታያለች። ፊቷን ሳታዞር ግራ እጇን ከወገቧ ኋላ አድርጋ ጣቷን ታሽከረክራለች፤ ድገሙት ማለቷ ነው። ኪቦርዲስቱ ለቤዙ በአገጩ፣ ቤዙ ለድራመሩ በዓይኑ ያቀብላል። ድራመሩ ደግሞ ዓይኑ ያለው ተወዛዋዧ ትከሻ ላይ ነው፤ እስክስታው ሲጠብቅ እሱም ያጠብቃል፣ ስትወርድ አብሮ ይወርዳል። ይኼ ሁሉ በሁለት ቤት ዜማ ውስጥ ያልቃል፣ እናንተ የምታውቁት ከወንበራችሁ መነሳታችሁን ብቻ ነው።

3. የስልክ ቪዲዮ ማስረጃ አይደለም። የስልክ ማይክ ቤዝ በቅጡ አይዝም፣ ጩኸት ሲበዛበት ራሱ ይቀንሳል፣ ዝም ሲል ራሱ ይጨምራል። ሙዚቃው ሥጋው ይገፈፍና የዘፋኙ ድምፅ ራቁቱን ይቀራል። በዚያ ላይ ሆኖ «ፎረሸ» ብሎ መፍረድ ድፍረት ነው።

«ከንፈሩና ድምፁ አይገጥምም» የምትሉስ? ድምፅ በሴኮንድ የሚሄደው 343 ሜትር ገደማ ነው። ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ድምፁ ከምስሉ 0.3 ሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ትልቁን ስክሪን እያየ የቀረጸ ደግሞ ስክሪኑ ራሱ የሚያዘገየው አለ። ፊዚክስን በፕሌይባክ አትክሰሱ።

4. «ድሮ እኮ እነ ጥላሁን በአንድ ማይክ…»። ይኼን ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። እነ ጋሽ ጥላሁን የወጡበትን ቤት ተመልከቱ። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ኦርኬስትራ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፤ ሙዚቀኛው ደሞዝተኛ ነበር፣ ልምምድ መደበኛ ሥራው ነበር። በኋላ አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል፣ ዋሊያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወቱ ያው አዳራሽ፣ ያው ጥግ፣ ያው ወለል ነው፤ ድምፁ የት እንደሚመታና የት እንደሚሞት በእግራቸው ያውቁታል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲመጣ ደግሞ ክለብ የገባ ሰው በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ያድራል፣ ባንዱም እየተጫወተ ያነጋል። በአንድ ማይክ ያሸነፉት ክፍሉንና እርስ በርሳቸውን ስለሚያውቁ ነው። የዛሬውን ልጅ አንድም ጊዜ ባልረገጠው መድረክ ላይ አውጥታችሁ ከእነሱ ጋር አታወዳድሩት።

የመድረክ ትርኢት ከፈረንጅ የተቀዳ ነው የሚሉም አሉ። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ የጦር ሜዳውን ሽለላና ፉከራ ወደ ሳክስፎን ያመጡ፣ የአንበሳ ጎፈር ደርበው መድረክ ላይ የሚቆሙ ሰው ነበሩ። በእርጅናቸው ዘመን ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር አውሮፓ ላይ ሲጫወቱ ፈረንጁ ነው ከእሳቸው የተማረው። አዝማሪ ቤትም እንዲሁ ነው። ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ ውስጥ መላኩ በላይ ሲጨፍር ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በጨፋሪውና በተመልካቹ መካከል ክንድ የሚሞላ ቦታ አልነበረም፣ ላቡ ይረጫችሁ ነበር። እኛ ትርኢት አጥተን አናውቅም።

5. ሳውንድ ቼክ። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ።

የዚያ ዝግጅት ስምምነት ላይ ባንዱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት መድረክ ላይ ይሆናል ይላል። በሰዓቱ ደረስን። መድረኩ ገና እየተበየደ ነው። ቆየን። ባነር ሰቃዮች መጡ። ድራሙ የስፖንሰሩን ሎጎ ይከልላል ተባለና ወደ ጥግ ተገፋ፤ የደረደርነው ማይክና ኬብል አብሮ ተነቀለ። ከዚያ የአበባው፣ ከዚያ የመድረክ መሪዎቹ ልምምድ፣ ከዚያ ክብ ሠርተው የሚወያዩ የፕሮቶኮል ሰዎች። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ «ሕዝብ እየገባ ነው፣ ከእንግዲህ ድምፅ እንዳይሰማ» ተባልን። ቀጥሎ ንግግር፣ የምስክር ወረቀት፣ ንግግር፣ ፎቶ፣ ንግግር። ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ «ቶሎ ቶሎ ባንዱ ይውጣ!»። ዘጠኝ ሙዚቀኛ አንዲት ኖታ ሳይሞክር ወጣ።

ሳውንድ ቼክ ማለት «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» የሚመስለው አዘጋጅ አለ። ለድራሙ ብቻ ብዙ ማይክ ይደረደራል፣ እያንዳንዱ ለየብቻ ይሰማል። ከዚያ ቤዙ፣ ኪቦርዱ፣ ጊታሩ፣ ሳክስፎኑ። ከዚያ የእያንዳንዱ ሰው ሞኒተር፤ ቤዙ የሚፈልገውና ዘፋኟ የምትፈልገው አንድ አይደለም። ማሲንቆ ካለ ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። የማሲንቆ ገላ በቆዳ የተለበጠ ስለሆነ ማይክ ተለጥፎበት አጠገቡ ድራም ሲመታ ቆዳው አብሮ ይርገበገባል፤ ድምፁን ከፍ ልታደርግለት ስትል መጮህ ይጀምራል። የቱ ድምፅ እንደሚያስጮኸው ፈልገህ የምትቀንሰው አዳራሹ ባዶ ሳለ ነው እንጂ ሁለት ሺህ ሰው ፊት አይደለም። በባዶ አዳራሽ ያስተካከልከውም ሕዝብ ሲሞላ ይለወጣል፣ ምክንያቱም ሰውና ልብሱ ቀጭኑን ድምፅ ይመጠዋል። ያንን ባለሙያ ገምቶ ይይዘዋል፤ ከዜሮ መነሳት ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ «ቀዘቀዘ» እንምጣ። ሳውንድ ቼክ የሌለበት ባንድ የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች የሚጫወተው ለእናንተ ሳይሆን ለእኔ ነው። ዘፋኙ ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ጣቱን ወደ ላይ፣ ወደ ጆሮው፣ ወደ ኪቦርዱ ይቀስራል። ሊወዛወዝ ሲል ማይኩ ወደ ሞኒተሩ ይዞርና ይጮህበታል፤ አንዴ ከጮኸበት በኋላ ከቆመበት አይነቃነቅም። ድራመሩ ቤዙን ስላልሰማ ደፍሮ አያፈጥንም። ያ በቪዲዮ ያያችሁት «የሞተ ፊት» እየሰማ ያለውን ለማወቅ የሚታገል ሰው ፊት ነው።

እሺ፣ ሽልማቱስ? እንግዳ ብር ሊለጥፍ ሲወጣ ዘፋኙ ግንባሩን ዝቅ ያደርጋል፣ እጁ ሲወርድ ማይኩ በቀጥታ ስፒከሩ አፍ ላይ ይሄዳል። እኔ ያን ሰው ደረጃውን ሲወጣ ካየሁበት ጊዜ ጀምሮ ጣቴ ከዘፋኙ ቻናል አይነሳም። ጥሩ ባንድ፣ ጥሩ ሞኒተር ካለ ይቺ ደቂቃ የምሽቱ ምርጥ ትሆናለች፤ ሸላሚውም ይወዛወዛል፣ አዳራሹም ይቀጣጠላል። ከሌለ ፉጨት ብቻ። የማይኩን ጭንቅላት በመዳፋችሁ የምታፍኑ ወጣት ዘፋኞችም፣ አያምርባችሁም፣ ማይኩ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ መከልከሉን ያቆማል፣ ይጮሃል። ዘንጉን ያዙ።

ደግሞ ሶፋው! መድረኩ ፊት ለፊት የክብር እንግዳ ሶፋ፣ ውሃ፣ አበባ፣ ከዚያ አጥር፣ ከአጥሩ ኋላ ለመጨፈር የመጣው ሕዝብ። ባንዱ ፊት ያሉት ሰዎች በፕሮቶኮል ስለታሰሩ እጃቸውን እንኳ አያጨበጭቡም። የሚጨፍረው ሕዝብ ጩኸት ዘግይቶ፣ ሳስቶ ነው የሚደርሰው። የመድረክ ጉልበት ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነገር ነው፤ ሶፋው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሶፋውን ወደ ጎን ማድረግ ምን ያህል በጀት ይጠይቃል?

አዳራሾቻችንስ? እብነ በረድ፣ መስታወት፣ ኮንክሪት። 34 ሜትር ርቆ ካለ መስታወት ግድግዳ የተመለሰ ምት 0.2 ሴኮንድ ቆይቶ ድራመሩ ጋ ይደርሳል፤ በጭፈራ ፍጥነት የራሱን ምት ከሚቀጥለው ጋር ተደርቦ ይሰማዋል። አዳራሹ ሲሠራ ወፍራም መጋረጃ እንኳ የጠየቀ ባለሙያ አልነበረም ማለት ነው። አንድ ተቋም ውስጥ ደግሞ ውድ ዲጂታል ሚክሰር ገዝተው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፣ ንብረት ክፍሉ ስብሰባ ነው፣ ሥልጠና የወሰደው ሰው ወደ ሌላ መምሪያ ተዛውሯል። እኛ የራሳችንን ተሸክመን ገባን። በር ላይ ጥበቃው እያንዳንዱን ኬብል ቆጠረ፣ ስንወጣ መልሶ ሊቆጥር።

መብራቱን ሳልናገር አልሄድም። መሬት ያልያዘ መስመር ላይ የተሰካ መሣሪያ ጊታሪስቱ ማይኩን ሲነካ ከንፈሩን ይነዝረዋል። ይኼ ቀልድ አይደለም፣ በዓለም ላይ በዚህ የሞቱ ሙዚቀኞች አሉ። ኤሌክትሪሺያን ስጠይቅ «ምንም አይሆንም» ያለኝን አዘጋጅ ማይኩን ራሱ እንዲስመው ጋብዤው ነበር፣ እምቢ አለ።

ድምፁን «ጨምር» የሚለው የስፖንሰር ተወካይም ይስማ። 85 ዴሲቤል ላይ ለስምንት ሰዓት የሚፈቀደው ቆይታ 100 ዴሲቤል ላይ ወደ 15 ደቂቃ ይወርዳል፤ የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ኒዮሽ የሚመክረው ይኼን ነው። ጉልበት ከጩኸት አይመጣም። ባንዱ እርስ በርስ ሲሰማማ ዝቅ ብሎም ያስነሳችኋል።

ባንድ ለምትጠሩ ሁሉ፣ ውል ላይ ይኼን አስገቡ፦ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ለባንዱ ብቻ፤ ማታ በሚሠራው ጀነሬተር ላይ የሚደረግ ሙከራ፤ መሬት የያዘ መስመር፤ ከሙከራው በኋላ መድረኩን የሚነካ እንዳይኖር፤ ሶፋ ወደ ጎን። ይኼን የማይፈርም አዘጋጅ ባንድ አይጥራ፣ ፍላሽ ይግዛ።

ኮሜንት ክፍት ነው። «ድሮ በአንድ ማይክ» ብሎ የሚጀምር ግን ቁጥር 4ን ደግሞ ያንብብ።