«ተዘግቷል»፣ «ተዘግቶ ቀርቷል»፣ «ተደፍኗል»፦ ስለ ጭስ መላሽ ቫልቭ ብልሽት አሰያየም

የሙያ ቃላት ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በስም ላይ ነው። ለአንድ መሣሪያ ስም ከተገኘለት ሥራው እንዳለቀ ይቈጠራል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. እንዳሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ያለ ሥራም በባሕርዩ ለቃላት እንጂ ለዐረፍተ ነገር ቦታ የለውም። ከዚህ በታች የምናቀርበው ጽሑፍ ግን ስሙ ከተገኘ በኋላ ግሱ ያመጣብንን ችግር የሚመለከት ነው። ጉዳዩም ጋራዦች ከእንግሊዝኛው ምሕፃር ወስደው «ኢጂአር» የሚሉትን የሞተር ክፍል ባለመኪናው ራሱ መርምሮ እንዲጠግን የሚረዳ መመሪያ ስንተረጕም የገጠመን ነው።

ስሕተቱ የራሳችን ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር። ረቂቁ እንደ ተጠናቀቀ በሥራ ላይ ይፈተን ዘንድ አዲስ አበባን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሚያገናኙ መንገዶች ለሚሠሩ ጥቂት የሚኒባስ ሾፌሮች ሰጥተን ነበር። ከእነርሱ አንዱ የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ናቸው። ሚኒባሳቸው ከሱሉልታ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ ጕልበት እያጣ ስላስቸገራቸው፣ እሑድ ቀን በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ግቢ አቁመውት ወረቀታችንን ይዘው ሥራ ጀመሩ። ረቂቃችን «ቫልቩ ተዘግቶ ከተገኘ ይክፈቱት» ይላል። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው ቫልቩን ፈትተው ቢያዩት በእርግጥም ተዘግቷል። በካቻቢቴ ፈልቅቀው ከፈቱት። ዘንጉ ተጣመመ፤ መኪናውም ከዚያ በኋላ ጥቁር ጭስ እየተፋ ከቆመበት አልነሣ አለ። አዲስ ዕቃ መግዛት ግድ ሆነባቸው። የመጀመሪያው ችግር ግን ከቫልቩ ጋር ግንኙነት አልነበረውም፤ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ ኖሯል።

ነገሩን ሰምተን ወደ ስፍራው በሄድን ጊዜ መኪናውን የሠራው ወጣት መካኒክ ወረቀታችንን አንብቦ፣ ከመካከላችን በዕድሜ የገፋውን «ጋሼ፣ ተዘግቶ መገኘቱማ ጤናው ነው፤ በሽታው ተዘግቶ ሲቀር ነው» አለው። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር እኛ በብዙ ስብሰባ ያላገኘነውን መፍትሔ የያዘ ነበር። ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን የመሣሪያውን ሥራ መግለጥ ያስፈልጋል።

ከአየር ውስጥ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ያህሉ ኦክሲጅን ነው። ሁለቱ በተራ ሙቀት ተስማምተው ይኖራሉ። በሞተሩ ሲሊንደር ውስጥ ሙቀቱ ከ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲወጣ ግን በብዛት ይዋሐዱና ሳንባን የሚጎዱ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይሆናሉ። መሐንዲሶች ለዚህ ያገኙት ዘዴ ከሞተሩ ከሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ ጥቂቱን መልሶ ከሚገባው አየር ጋር መቀላቀል ነው። ጋዙ አንድ ጊዜ የተቃጠለ በመሆኑ ኦክሲጅኑ አነስተኛ ነው፤ ሙቀቱን እየጠጣ ቃጠሎውን ያለዝባል። በአሜሪካ መኪኖች ላይ ዘዴው መለመድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበር። የሚመለሰውን መጠን የሚወስነው ቫልቩ ነው። ሞተሩ ሙሉ ጕልበት በሚፈልግበት ጊዜ ይዘጋል፤ በዚያ ሰዓት ክፍት ከሆነ የተቃጠለው ጋዝ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዝና ሞተሩን ያፍነዋል። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ስለሆኑና አየሩም ስስ ስለሆነ ጕዳቱ በዳገት ላይ ጎልቶ ይታያል።

ስሙን በተመለከተ በመጀመሪያ ያቀረብነው «የጭስ ዳግም ዑደት ቫልቭ» የሚል ነበር። ለእንግሊዝኛው ታማኝ ነው፤ ለነገሩ ግን አይደለም። «ዑደት» ዞሮ ወደ ተነሡበት መድረስን ያመለክታል፤ እዚህ ግን የሚመለሰው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ሌላው በማርሚታ በኩል ይወጣል። በዚህ ምክንያት «ጭስ ማውጫ» ከሚለው ከታወቀው ስም ጋር ጎን ለጎን የሚቆም «ጭስ መላሽ» የሚለውን መርጠናል። ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። «መለሰ» ጠላትን መመከትም ስለሆነ «ጭስ የሚከላከል» ብሎ የሚሰማ ሊኖር ይችላል። «ጭስ»ም በዐይን የሚታየውን ስለሚያስታውስ፣ የሚታይ ጭስ የሌለው መኪና የሚመለስ ነገር የሌለው ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በትንታኔ ውስጥ «የተቃጠለ ጋዝ»፣ በዕቃው ስም ላይ «ጭስ» እንዲባል ተስማምተናል። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንመክራለን፤ «ቫልቩ» ተብሎ ብቻውን እንዳይጻፍ። ሞተሩ የራሱ ማስገቢያና ማስወጫ ቫልቮች አሉት፤ የቃሉ ጣልያንኛ ዘመድ «ቫልቮላ» ደግሞ በአገሩ የኤሌክትሪክ ፊውዝንም ይጠራበታል።

የጣልያንኛው ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ ኮዬ ፈጬ ባየናቸው ጋራዦች ንግግሩ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሲሸጋገር ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ማርሚታ ግን ባሉበት ይቆያሉ። እነዚህን ለማባረር አንደክምም። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሳይረገጥ ዝግ ብሎ ሲሽከረከር «ሚኒሞ» ይባላል፤ ከእኛ መካከል አንዱ የእንግሊዝኛውን ቃል ተከትሎ «ሥራ ፈት ሞተር» ብሎ ተርጕሞት ብዙ አስቆናል።

ወደ ግሱ እንመለስ። አማርኛ በ«ተ-» የሚጀምረውን ግስ ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል፤ ሌላ ሰው ለፈጸመውም፣ በራሱ ለሆነውም። «በሩ ተዘጋ» ሲባል ሰው ዘግቶት ወይም ነፋስ ገፍቶት ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም «ተዘግቷል» አሁን ያለበትን ሁኔታ እንጂ መከፈት አለመቻሉን አይናገርም። እንግሊዝኛው ግን የሚለው ቫልቩ በተዘጋበት ተይዞ አልንቀሳቀስ ማለቱን ነው። ጭስ መላሽ ቫልቭ ሞተሩ ሲጠፋ በስፕሪንግ ኀይል የሚዘጋ በመሆኑ፣ ፈትቶ የሚያየው ሰው ሁሉ «ተዘግቶ» ያገኘዋል። እኛ ጤናውን በሽታ አድርገን ጻፍን ማለት ነው። መካኒኩ የሰጠን መፍትሔ «ቀረ» የሚለው ረዳት ግስ ነው። «ሄዶ ቀረ» ስንል መመለስ ሲገባው አለመመለሱን እንደምንረዳ ሁሉ፣ «ተዘግቶ ቀረ» መከፈት ሲገባው አለመከፈቱን፣ «ተከፍቶ ቀረ» መዘጋት ሲገባው አለመዘጋቱን ይናገራል። ቋንቋው ራሱ ያዘጋጀው መለያ እያለ «የተቆለፈ»፣ «የተጣበቀ» እያልን ስንፈልግ ቆይተናል።

ሦስተኛው ብልሽት የቫልቩ ሳይሆን የመተላለፊያው ነው። የተቃጠለው ጋዝ የሚያመጣው ጥላሸት ከዘይት ትነት ጋር ተደባልቆ፣ በማድ ቤት ጣራ ላይ እንደሚጋገረው ያለ ጥቀርሻ ይሆንና ቱቦውን ይሞላዋል። ይህ «ተደፍኗል» እንጂ «ተዘግቷል» ሊባል አይገባም። የሚዘጋው መዝጊያ ያለው ነው፤ የሚደፈነው ቀዳዳ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣ በምርመራው ሥርዐት ይታያል። የመኪናው ኮምፒዩተር ብልሽቱን ሲመዘግብ ፒ 0401 ካለ የሚመለሰው ጋዝ አንሷል፤ ፒ 0402 ካለ በዝቷል ማለት ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ፍሰት ነው፤ ምክንያቱን አይነግሩም። ፍሰቱ ያነሰው ቫልቩ ተዘግቶ ቀርቶ፣ መተላለፊያው ተደፍኖ፣ ወይም ትእዛዝ የሚያደርሰው የቫኪዩም ቱቦ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተርጓሚው «ፍሰት ማነስ» የሚለውን «ቫልቩ ተበላሽቷል» ብሎ ቢያሳጥር ባለመኪናውን ያለ ፍርድ ዕቃ ያስገዛዋል።

በቫኪዩም የሚሠራ ቫልቭ ያለው የቤንዚን ሞተር ሲሆን ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ በእጅ ፓምፕ ወደ ቫልቩ ቫኪዩም ይሰጣል። ሞተሩ ቢንገጫገጭ ወይም ቢጠፋ ቫልቩም መተላለፊያውም ደኅና ናቸው፤ ጉድለቱ ከትእዛዙ በኩል ነው። ምንም ለውጥ ካላሳየ ወይ ቫልቩ ተዘግቶ ቀርቷል ወይ መተላለፊያው ተደፍኗል፤ የትኛው እንደሆነ ተፈትቶ ይታያል። ሳይነኩት በሚኒሞ የሚንገጫገጭ ከሆነ ተከፍቶ ቀርቶ እንደሆነ ይጠረጠራል። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ግን ቫልቩ በሚኒሞ ጊዜም ይከፈታል፤ በእነርሱ ላይ ምልክቱ በዳገት የሚታየው ጥቁር ጭስና የጕልበት ማጣት ነው። ይህም ቢሆን ከሾፌራችን እንደተማርነው የአየር ማጣሪያውን ሳያዩ የሚፈረድበት አይደለም። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ምርመራው በደጅ መሆን አለበት፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ነው።

ጽዳቱ ብዙ አያነጋግርም። ሞተሩ ይበርዳል፤ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀላል፤ ቫልቩ ይፈታል፤ ጥቀርሻው በማጽጃ ፈሳሽ ርሶ በለስላሳ ብሩሽ ይነሣል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ቫልቭ በፈሳሽ መንከር ሞተሩን ያቃጥለዋል። በሚገጠምበት ጊዜ በመካከል ያለው ማሸጊያ በአዲስ ይተካል። በዚህ ክፍል ከረቂቁ የቀየርነው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ይክፈቱት» የነበረው «በጣት ሲገፋ ተንቀሳቅሶ በራሱ የሚመለስ መሆኑን ይመልከቱ» ሆኗል። ይህ የሚሠራው በቫኪዩም ለሚንቀሳቀሰው ሲሆን፣ የኤሌክትሪኩ በኀይል መገፋት የለበትም።

የቀረን የ«ደፈነ» ጉዳይ ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ከጽዳቱ ለመገላገል መተላለፊያውን ቆርጠው ባዘጋጁት ላሜራ ለዘለቄታው ይዘጉታል፤ ይህንንም «መድፈን» ይሉታል። ሞተሩ ሊሠራ ይችላል፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ግን ይጨምራል፤ ኮምፒዩተሩም ፍሰት አነሰ ብሎ መክሰሱን አይተውም። እንግዲህ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው «ኢጂአሩ ተደፍኗል» ቢባል ጥቀርሻ ነው ወይስ ላሜራ? አንዱ በብሩሽ ይጠፋል፤ ሌላውን ሲቦርሹ መዋል ነው። በመመሪያው ጥቀርሻው ያደረገውን «ተደፍኗል»፣ ሰው ያደረገውን «ታሽጓል» ብለን ለይተናል። መካኒኩ ይህን ሲሰማ «ታሽጓልስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ማንም አይለውም» ብሎናል። አንባቢያን በየአካባቢያቸው ለዚህ የሚነገር ሌላ ቃል ካላቸው ልንቀበለው ዝግጁ ነን።