የፍሳሽ መስመርና የቤታችን ጤና

ከፒያሳና ከአራዳ በመስመር የሚወጣው ፍሳሽ በአብዛኛው በቁልቁለቱ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ይወርዳል። ማጣሪያው ቀድሞ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ያስተናግድ ነበር፤ ተስፋፍቶ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲችል ተደርጓል። የሰፈራችን ቱቦ ከተደፈነ ግን ፍሳሹ ከደጃችን አያልፍም። የመጠጥ ውሃ ሲቋረጥም በተሰነጠቀ ቧንቧ ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በከተማችን መከሰቱን አንዘንጋ።

ስለዚህ መስመር ሲቆፈርና ሲቀየር ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ጨርቅና ዘይት ወደ ቱቦ አትጣሉ፤ የጣራ ውሃም ከፍሳሽ መስመር ጋር አታገናኙ። ልጅ ሲያስቀምጠው ብዙ እናቶች ቴትራሳይክሊን ስጪኝ ይሉኛል። ቀዳሚው መድኃኒት ግን በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ የሚበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ. ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ልጁ ከደከመ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ አድርሱት።