ለገዛ ጽሑፍ ድምፅ ስለ መስጠት

በኢንተርኔት የሚገኘው ስቲሚት የተባለው የጽሑፍ አደባባይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ ጸሐፊው ባገኘው ድምፅ መጠን ዋጋ እንዲከፈለው ሥርዓት ተደረገ። የድምፁም ክብደት በድምፅ ሰጪው ተቀማጭ ሀብት ይለካ ነበር፤ ለገዛ ጽሑፍ ድምፅ መስጠትም አልተከለከለም። ስለዚህ ባለጠጋው ፍሬ ቢስ ቃል ጽፎ ራሱን ሊሸልም ቻለ።

«ሀብቱ የገዛ ራሴ ነው» የሚል አይታጣም። ነገር ግን ሽልማቱ ከአንድ የጋራ ግምጃ ቤት ስለሚከፈል፥ አንዱ ለራሱ የጨመረው ከሌላው ይጐድላል። በዚያው አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ፥ ለሌላው ድምፅ መስጠት ይበልጥ እንዲጠቅም ከዋጋው እኩሌታው ለድምፅ ሰጪዎች ሆነ።

ይሁን እንጂ በሁለተኛ ስም ተሸሽጎ ራሱን የሚሸልመውን ሰው ሕግ በቀላሉ አያገኘውም። ሕግ ዝም ባለበት ስፍራ ዳኛው ኅሊና ነውና፥ ቅን ሰው ሥራውን ለሌላው ሚዛን ሊተው ይገባዋል።